«አዎ» ያሉኝ አባት

የማታ ተረኛ ነርስ ነበርኩ። ለአንድ ታካሚ የታዘዘው ኤ ፖዘቲቭ ደም ዋርድ ሲደርስ ከፍሪጅ ከወጣ 15 ደቂቃ ሆኖታል። በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከተጀመረ ደግሞ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። አብሮኝ የነበረው ነባር ነርስ ቸኩሏል። ደሙ የትክክለኛው ታካሚ መሆኑን ከእኔ ጋር የሚያረጋግጠው ሁለተኛው ሰው እሱ ነው፤ ቅጹን ከጠረጴዛው ሳይነሳ ፈረመ።

«ታካሚውን አውቃቸዋለሁ፤ ናሙናውንም የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሂጂ ስቀዪው» አለኝ።

ሄድኩ። አልጋው ላይ ለተኙት አባት ከረጢቱ ላይ ያለውን ስም ጠርቼ «እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ።

ካኑላው (ደም ስራቸው ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ላይ ልቀጥለው ስል ዓይኔ የእጃቸው መለያ ላይ አረፈ። የካርድ ቁጥሩ አይገጥምም። እጄ ቀዘቀዘ።

«አባቴ፣ ሙሉ ስምዎ ማነው?»

ሌላ ስም ነገሩኝ። ለካ ከሰዓት በኋላ ከጎናቸው ካለው ታካሚ ጋር አልጋ ተቀያይረዋል። ቻርታቸውን አየሁ፤ ደማቸው ኦ ነው።

«ታዲያ ለምን አዎ አሉኝ?»

«ልጄ፣ እናንተ ያላችሁትን እኔ ምን አውቄ እምቢ እላለሁ?»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «እገሌ ነዎት?» ማለት መልሱን አስይዞ መጠየቅ ነው። ታሞ የደከመ ሰው ጋዋን የለበሰውን ሁሉ አምኖ አዎ ይላል። ደሙ ኦ ለሆነ ሰው ኤ ከገባ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ፀረ ኤ (ኤ ደምን እንደ ባዕድ የሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ) የገባውን ቀይ የደም ሴል ወዲያው ማፍረስ ይጀምራል። ኩላሊቱ ሊደክም፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ሙሉ ከረጢት አያስፈልግም፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ባልደረባዬን ጠራሁት። ትክክለኛው ታካሚ አልጋ አጠገብ ቆመን ስሙን ከራሳቸው አፍ ሰማን። የካርድ ቁጥሩን፣ የከረጢቱን ቁጥር፣ የደም ዓይነቱንና የሚያበቃበትን ቀን ጮክ ብለን አነበብን። ሙቀት፣ የልብ ምትና ግፊት ለክቼ፣ 30 ደቂቃው ሳይሞላ ቀስ አድርጌ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገባቸው አልተነሳሁም። ብርድ ብርድ ቢላቸው ወይም ወገባቸውን ቢያማቸው ወዲያው መዝጋት ነበረብኝ። ደግነቱ ምንም አልሆኑም።

ባልደረባዬ ስንወጣ «አንቺ ሰው አታምኚም» አለኝ። ክፉኛ ከነከነኝ፤ አሁንም ይከነክነኛል። እኔ እሱን አልጠረጠርኩትም። ታካሚውን በእርግጥ ያውቃቸው ነበር። አልጋው ድረስ ቢመጣ ኖሮ ገና ከበሩ ይለያቸው ነበር።