እናቴ ቀረጻው ውስጥ ገባች

ቀረጻው 14ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ የእናቴ ድምፅ ይሰማል። «ኧረ ቡናው ቀዘቀዘ! ልጅቷን በጥያቄ አታድርቂያት።» ከዚያ የስኒ ኮሽታ። ከዚያ እናቴ ራሷ ጥያቄዬን ትመልስልኛለች። እኔ የጠየቅኩት ልጅቷን ነበር፤ «ከእናትሽ ጋር ስትጋጩ ምን ታደርጊያለሽ?» ብዬ። እናቴ ቀደመቻት፦ «በምን ይጋጫሉ? እናቷ እኮ ጅዳ ናት!»

ይህን የማዳምጠው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የዕረፍት ክፍል። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ፊት ለፊቴ ላፕቶፕ። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ «ይሄን አሁን በእንግሊዝኛ እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?» አልኩ።

ሥነ ልቦና መማር የጀመርኩት በ43 ዓመቴ ነው። ማታ ሥራ፣ ቀን እንቅልፍ፣ በመሀል ትምህርት። በሁለተኛው ዓመት አንድ የቤት ሥራ መጣ። ጎረምሶች ከወላጆቻቸው ጋር ስላላቸው ግንኙነት ሪፖርት ጻፉ ተባልን። ግን ቁጥር የለበትም፤ ሰንጠረዥም የለበትም። ኳሊቴቲቭ የሚሉት ነው። ሰው ፊት ለፊት ታነጋግራለህ፣ ያለውን ቃል በቃል ትገለብጣለህ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ምን ማለቱ እንደሆነ ትፈልጋለህ። እኔ ደግሞ ለሐምሌ ወደ ጅማ ትኬት ቆርጬ ነበር። ለምን እዚያው አልሠራውም አልኩ።

አማካሪዬ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳታነጋግሪ አለችኝ። በእኔ ደረጃ ላለ ተማሪ ፈቃድ አይሰጥም። መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት ጉርምስና የሚለው ከ10 እስከ 19 ያለውን ዕድሜ ነው። 18 እና 19 የሞላቸውን ባነጋግር ርዕሱም አይሸሽ፣ ደንቡም አይጣስ። ብቻ እያንዳንዳቸው የስምምነት ቅጽ መፈረም አለባቸው።

ጅማ ላይ ወረቀት ማስፈረም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፈረንጅ አራዳ ያሉ የእናቴ ጎረቤት ቅጹን ገለባብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከቤቱ ጋር አይያያዝም አይደል?» አሉኝ። የሚፈርመው ልጅዎ ነው፣ 19 ሞልቶታል ስላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። «እኔ በሕይወት እያለሁ እሱ ምን ሆኖ ነው የሚፈርመው?» ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀድቻት ቢሆን ሪፖርቱ ግማሹ አልቆ ነበር። አልቀዳኋትም። እሳቸው ተሳታፊ አይደሉማ።

በስንት ልመና ሦስት ልጆች ተገኙ። እውነተኛ ስማቸው ስለማይጻፍ የውሸት ስም ምረጡ አልኳቸው። የጎረቤታችን ልጅ ሳያመነታ «አባ ጅፋር» አለ። የጅማን ንጉሥ! ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታው ላይ ዛሬም አለ፤ ስማቸውን ግን ይሄ ልጅ ለእንግሊዝ አገር የቤት ሥራ ተዋሰው። ሪፖርቱ ላይ «አባ ጅፋር፣ ወንድ፣ 19» ተብሎ ሰፍሯል። አማካሪዬ እስከ ዛሬ ተራ ስም ነው የሚመስላት።

መጽሐፉ ቃለ መጠይቅ ጸጥ ባለና ሰው በሌለበት ክፍል ይደረግ ይላል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች በሐምሌ ጅማ አልመጡም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው እንኳ አይሰማህም። ሰው የሌለበት ክፍል ደግሞ ከየት ይመጣል? ከእንግሊዝ አገር የመጣች ልጅ ቤት እንግዳ ገብቶ ቡና ሳይፈላ? ሦስተኛውን ልጅ ዝናቡ ግማሹን በላብኝ። ከእናቱ ጋር እንደ ጓደኛ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው ብዙም የለኝ።

ልጅቷ ራሷን «ሰላም» ብላ ሰየመች። 18 ዓመቷ ነው። ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኬን ረከቦቱ ጥግ አስደገፍኩት። እናቷ ወደ ጅዳ የሄደችው እሷ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነው። ጅማና ዙሪያዋ፣ ዓረብ አገር ሴት ልጅ ያልሸኘ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል፤ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። አያቷ አሳደጓት። ከእናቷ ጋር አርብ አርብ፣ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ፣ በኢሞ ይገናኛሉ።

«እናትሽ ስለ አንቺ ምን ያህል ታውቃለች?» አልኳት።

«ሁሉንም ታውቃለች» አለች። ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አንድ ዙር አዞረቻት። «የነገርኳትን ሁሉ።»

እ.ኤ.አ. በ2000 ስዊድን ውስጥ ሃካን ስታቲን እና ማርጋሬት ኬር የሚባሉ ተመራማሪዎች የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ወላጅ ስለ ልጁ ውሎ የሚያውቀው በመከታተሉና በመቆጣጠሩ ነው የሚለውን የቆየ ሐሳብ ነው የነቀነቁት። ዋናው ምንጭ ልጁ ወድዶ የሚናገረው ነው አሉ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንድም ጊዜ ጠብ አላለልኝ። ሰላም በሁለት ቃል ጨረሰችው።

ግን ያልነገረቻት ምንድነው? እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።

ቀረጻ መገልበጥ ምን እንደሚመስል ላልሞከረው ልንገር። ለግማሽ ሰዓት ወሬ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሁሉንም ነው የምትጽፈው። «እእእ» የሚለውን፣ ሳቁን፣ ዝምታውን ሳይቀር። ዝምታውን በሰከንድ ትቆጥራለህ። «የነገርኳትን ሁሉ» ካለች በኋላ ሦስት ሰከንድ ዝምታ አለ። ከዚያ ሰላም አየር ስትስብ ይሰማል። ሰው ሊናገር ሲል እንደሚስበው። ወዲያው የእኔ ድምፅ፦ «አይዞሽ! እናትሽ እኮ ለአንቺ ብላ ነው።»

ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት። እንደገና መለስኩት። ትንፋሿ ይሰማል፣ ከዚያ እኔ። ልትል የነበረውን ጅማ ትቼው መጥቻለሁ።

ሙሉውን ገልብጬ ስጨርስ ቆጠርኩ። 11 ጊዜ አቋርጫታለሁ። አራቱ በ«አይዞሽ» ነው። እናቴ እንኳ ያቋረጠችን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷ ላይ ነበር ስስቅ የነበረው። የከፋው ሰው ፊት ዝም ማለት ለእኛ ነውር ነው፤ ማጽናናት አለብን። «አይዞሽ» ደግ ቃል ነው፣ አልካድኩም። ግን አንዳንዴ በር መዝጊያም ነው። «ገብቶኛል፣ ከዚህ በላይ አትንገሪኝ» እንደማለት።

አባ ጅፋር ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። «አባቴን በጣም ነው የምፈራቸው» አለ። በእንግሊዝኛ ስገለብጠው ፍርሃት የሚለው ቃል ቁጭ አለ። አንቱታው በእንግሊዝኛ ቦታ የለውም፣ ረገፈ። አማካሪዬ ረቂቁን አይታ ጠርዙ ላይ ዳያና ባውምሪንድን አስታወሰችኝ። ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወላጅነት ዓይነቶችን የለየች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ናት፤ አንደኛው ዓይነት የሚያዝ እንጂ የማያስረዳ፣ ቁጥጥሩ የበዛ፣ ሙቀቱ ያነሰ ወላጅ ነው። የአባ ጅፋር አባት እዚያ ሣጥን ውስጥ ገቡ ማለት ነው።

ልቤ እሺ አላለም። ልጁ ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር። «ማታ ሳመሽ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሲያዩኝ ምንም አይሉኝም። ዞር ብለው ይገባሉ። እራቴ ተከድኖ አገኘዋለሁ።» በቴሌግራም ጻፍኩለት፤ እፈራቸዋለሁ ስትል ምን ማለትህ ነው? ይመቱሃል? በድምፅ መለሰልኝ፣ ከኋላው የባጃጅ ጩኸት አለ። «ኧረ በፍጹም! መትተውኝ አያውቁም። የማይፈራ አባት ግን ምን አባት ነው?»

ቃሉን ሳልተረጉም እንዳለ ተውኩትና ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩለት። ለማብራሪያው ያገዘችኝ ቱርካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ቺዴም ካኢትቺባሺ ናት። ልጅ ራሱን ቻለ ለማለት ከወላጁ መራቅ የለበትም፣ ራስን መቻልና መቀራረብ አብረው ይሄዳሉ ትላለች። ይህን ስታስረዳ የአውሮፓና የአሜሪካን ልጅ ብቻ አይታ አይደለም። አነበብኳት፣ የአባ ጅፋር አባት በር ላይ ቆመው ታዩኝ። አማካሪዬም ተቀበለችው። እውነት ለመናገር ሳትከራከር ነው የተቀበለችው።

ልጆቹ ያሉትን የተነተንኩበት መንገድ የሥነ ልቦና ምሁራኑ የቨርጂኒያ ብራውንና የቪክቶሪያ ክላርክ ነው፤ ከተባለው ውስጥ ጭብጥ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት፣ ባለ ስድስት ደረጃ፤ ተማሪ ሁሉ እሱን ነው የሚይዘው። እነሱ አጥብቀው የሚሉት ነገር አለ። ጭብጥ ዝናብ እንደመታው እንጉዳይ በራሱ ብቅ አይልም፤ የምትመርጠው አንተ ነህ፣ በራስህ ዓይን። ስለዚህ አንተ ማን እንደሆንክ ለአንባቢ ንገር ይላሉ። የሪፖርቱ አንድ አንቀጽ ለዚህ ነው። 150 ቃል።

ሌላው በሁለት ሳምንት አለቀ። 150 ቃሏ ሦስት ሳምንት ተኛችብኝ።

እኔም ልጄን ጅማ ለእናቴ ትቼ ነው የመጣሁት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወረቀቴ ተስተካክሎ ሳመጣት 14 ሆናለች። ኤርፖርት ላይ እንዳየችኝ አላቀፈችኝም፣ በእጇ ነው የጨበጠችኝ። አሁን 17 ናት። አማካሪዬ «እዚህ ታሪክ ውስጥ አንቺ የት ነሽ?» ብላ ጻፈችልኝ፣ እኔ «ተመራማሪዋ የጅማ ተወላጅ ናት» ብዬ መለስኩ። «ሌላስ?» አለች።

በመጨረሻ ጻፍኩት። ልጄን አምስት ዓመት ያህል ከሩቅ ሆኜ እንዳሳደግኩ፣ በየቀኑ እየደወልኩ እንደተከታተልኳት፣ ይህም የሰላምን መልስ የሰማሁበትን ጆሮ ሊያዛባው እንደሚችል። እንግሊዝኛዬን የምታርምልኝ እሷ ናት። ሁሌም እሷ ናት። ላፕቶፑን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ሰጠኋትና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

ነጠላ ሰረዝ እያስገባች ትወርዳለች። አንድ ቦታ ጣቷ ቆመ።

«ማሚ፣ በየቀኑ አልነበረም።»

«እ?»

«እሑድ እሑድ ነበር።»

«አይዞሽ» አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የምትለዋም ከኋላው ተሰልፋለች። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ዝም አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አየር ስትስብ ሰማኋት።

«አንዳንድ እሑድም አትደውዪም ነበር። እማማ ስልኩን ቻርጅ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። እኔ የተኛሁ እመስል ነበር።»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። «በየቀኑ» የሚለውን አጥፍቼ «እሑድ እሑድ» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ብዬ አየኋት። «አንዳንድ እሑድ» ብዬ እንደገና አስተካከልኩት።