በአባቴ የደም ምርመራ ውጤት ላይ ልብ ያላልኩት መስመር

አባቴ በደሙ ውስጥ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ መኖሩን ካወቀ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። «ምንም አላመመኝም» እያለ ሕክምናውን ሲያዘገይ እኛም አልተጫንነውም። ባለፈው ዓመት መስከረም የላብራቶሪ ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም ከ98 ወደ 49 መውረዱን ሳይ ለእናቴ ደውዬ «ጉበቱ እያገገመ ነው» አልኳት። ተሳስቼ ነበር፤ ስህተቴን ሌላ ቤተሰብ እንዳይደግመው ሐኪሙ በትዕግሥት ያስረዳኝን እጽፋለሁ።

ኤኤልቲና ኤኤስቲ የጉበት ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስሱ ኢንዛይሞች ናቸው። ስለዚህ የሚነግሩን በዚያ ሰሞን ስላለው ጉዳት እንጂ ለዓመታት ስለተከማቸው ጠባሳ አይደለም፤ እንዲያውም ጠባሳው ሰፍቶ ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ ተወርሶ ወደሚጠጥርበት ደረጃ) ሲደርስ ኤኤልቲ ወርዶ ጤናማ በሚባለው ልክ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የቫይረሱ መጠንም በሚሊዮን ሲቆጠር ያስደነግጣል እንጂ የጉበቱን ጉዳት አይለካም።

ሐኪሙ ጣቱን ያሳረፈው ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) በሚለው መስመር ላይ ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከ190 ሺህ ወደ 110 ሺህ ወርዷል። እኔ ይህን ቁጥር ከጉበት ጋር ጨርሶ አላያያዝኩትም ነበር። ጠባሳ የወረሰው ጉበት ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣውን ደም እንደልብ ስለማያሳልፍ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጣፊያም ያብጣል፣ ያበጠው ጣፊያ ደግሞ ፕላትሌቶችን ይዞ ያስቀራል። ፕላትሌት እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞን በብዛት የሚሠራውም ጉበት ራሱ ነው።

ከዚያም የጉበትን ጠባሳ ከደም ምርመራ ቁጥሮች የሚገምተውን ፊብ ፎር የተባለ ስሌት ከፊቴ ሠራው። የአባቴ ዕድሜ 60 በኤኤስቲው 70 ሲባዛ 4200 ይሆናል፤ ይህ ለፕላትሌቱ 110 (በሺህ) እና ለኤኤልቲው 49 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ7፣ ብዜት ሲካፈል ወደ 5.5 ይጠጋል። በሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ከ1.45 በታች የሆነ ውጤት የከፋ ጠባሳ ላለመኖሩ፣ ከ3.25 በላይ የሆነው ደግሞ ለመኖሩ ምልክት ነው። የዛሬ አራት ዓመቱን ወረቀት አውጥተን ስናሰላው 2.1 ገደማ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዤ የተሰማኝን ጸጸት አልረሳውም። ስሌቱ ግምት ስለሆነ የጉበትን ጥጥርነት የሚለካውን ፋይብሮስካን ተነሣ፤ እርሱም ሲሮሲስ መሆኑን አሳየ።

የጉበትን ሥራ የሚያሳዩት አልቡሚኑ፣ ቢሊሩቢኑና የደም መርጋት ምርመራው ግን ደህና ነበሩ፤ ይህም ጉበቱ ጠባሳውን ተሸክሞ ሥራውን ገና እየሠራ ነበር ማለት ነው። ቫይረሱን የሚያጠፉትን ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የተባሉ መድኃኒቶች ለ12 ሳምንታት ዋጠ። ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ተደርጎለታል፤ ምክንያቱም ሲው ሲጠፋ ተደብቆ የነበረ ቢ ሊያገረሽ ይችላል።

ሕክምናው ባለቀ በ12ኛው ሳምንት በተደረገው ምርመራ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አልተገኘም። ፀረ እንግዳ አካሉን የሚያየው ምርመራ ግን ዛሬም «ፖዘቲቭ» ይላል፤ ይህ ሰውነት ቫይረሱን ያገኘው እንደነበር የሚያሳይ አሻራ በመሆኑ ከዳነም በኋላ ይኖራል። እናቴን ይህን ለማስረዳት ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። ሲሮሲስ ላይ ከተደረሰ ቫይረሱ ጠፍቶም የጉበት ካንሰር ሥጋት ስለሚቀር፣ አባቴ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣል። የሚቀጥለው ቀጠሮው ጥቅምት ላይ ነው፤ ሁለቱንም የቆዩ ወረቀቶች ይዤ አብሬው እሄዳለሁ።