በሰው ደጃፍ ሎሚ

የእህቴ ልጅ ቤዚ ዘጠነኛ ክፍል ናት። መምህሯ የውይይት አሳይመንት ሰጥተዋቸዋል። ሦስት ዓይነት አለት ፈልጉ፣ ከየት እንደመጣ ተወያዩ፣ ፎቶ አያይዙ። የግሩፕ ሥራ ነው። ለፍለጋው የወጣችው ግን እሷ ብቻ ናት። የተቀሩት "በቴሌግራም እንወያያለን" ብለው ስማቸው እንዳይረሳ አደራ አሉ። እኔ የተጠራሁት ስልኬ ጥሩ ፎቶ ስለሚያነሳ ነው።

የመጀመሪያው አለት አላስቸገረንም። ፒያሳ ቆሞ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማጣት ይከብዳል። አጥሩም፣ የቤቱ መሠረትም ጥቁር ድንጋይ ነው።

"የወጨጫ፣ የፉሪና የየረር ተራሮች ሁሉም የድሮ እሳተ ገሞራ ናቸው እኮ" አለችኝ። "የእንጦጦ ድንጋይም ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀልጦ የወጣ ነው።"

ፍልውሃ ስንት ጊዜ ገብቼ ታጥቤያለሁ። ውሃውን ከሥር ማን እንደሚያሞቀው ግን ጠይቄ አላውቅም። ሒሳብ ከፍሎ መውጣት ነው።

ሁለተኛውን ከአንድ አሮጌ ቪላ ግድግዳ ላይ አገኘነው። የአምቦ ድንጋይ ነው። አሸዋ ተጠቅጥቆ የሠራው። ፎቶ አነሳንና አለፍን።

ጣጣው ሦስተኛው ላይ መጣ። በሙቀትና በግፊት የተለወጠ አለት ያስፈልጋል። እምነበረድ ማለት እንዲህ የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ለአዲስ አበባ ከወለጋና ከቤኒሻንጉል በኩል ነው የሚመጣላት። ስለዚህ ቤዚ አንድ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ መረጠች። ደረጃው ላይ ቁጢጥ አለች። ከቦርሳዋ ግማሽ ሎሚ አውጥታ ጨመቀችበት።

"ምንድን ነው ያፈሰስሽው?" ዘበኛው ዱላቸውን ይዘው መጡ።

"ሎሚ ነው ጋሼ።"

"ሎሚ! በጠዋት! በሰው ደጃፍ!" አማተቡ። "ማነው የላካችሁ?"

ነገሩን ላስረዳ አፌን ስከፍት ቤዚ በደስታ ጮኸች። "አጎቴ፣ ና እይ! እየፈላ ነው!"

ከዚህ በኋላ የእኔን ማብራሪያ ማን ይስማ? ሎተሪ አዟሪው ቆመ። ሊስትሮው የደንበኛውን አንድ ጫማ ሳይጨርስ መጣ። ደንበኛውም አንድ እግሩ እየጠቆረ፣ አንዱ አቧራ እንደለበሰ ተከተለው። ነጠላ የለበሱ እናት "ጨው በትኑበት" ብለው አዘዙ። አንዱ ጎረምሳ "ሎሚ ለጥምቀት አልነበረም እንዴ?" አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ቤዚ ግን ተማሪ ያገኘች መምህር መሰለች። "ሎሚ አሲድ ነው። እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አምቦ ውሃ ውስጥ ያለው ጋዝ ማለት ነው።"

"አምቦ ውሃ?" ዘበኛው ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሱንማ ለጨጓራዬ እጠጣዋለሁ።" ጎንበስ ብለው አረፋውን አዩ። "እስቲ ድገሚው።"

ይኼኔ ነው የሕንፃው ባለቤት ከመኪና የወረዱት። ሎሚው የነካው ቦታ ደብዝዟል። አሲዱ ልስላሴውን በልቶታል። ሰውዬው ደም ሥራቸው ተገታተረ።

"ይሄ እምነበረድ ስንት እንደወጣበት ታውቃላችሁ?"

በኪሴ ያለውን ብር በልቤ ቆጠርኩ። ለሎሚው እንኳን የሚተርፍ አይመስልም።

"የቱ እምነበረድ?" አለች ቤዚ በትህትና። "ደረጃው ነው ወይስ ምሰሶዎቹ? ምሰሶዎቹ ላይም ሞክሬ ነበር። አልፈሉም እኮ።"

ሰውዬው ዝም አሉ። ሎሚውን ከእጇ ተቀብለው ምሰሶው ላይ ራሳቸው ጨመቁ። ጠበቁ። ምንም የለም። ፊታቸውን አስጠግተው ጆሯቸውን ሁሉ ለጠፉበት። ምንም!

"በቁልፍ ይሞክሩት" አለች። "እምነበረድ ለስላሳ ነው፣ ብረት ይጭረዋል።"

የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው ፋቁት። ምሰሶው አልተጫረም። ዘበኛው ቀስ ብለው "ሴራሚክ ነው ጌታዬ" አሉ። ጆሮዬ ላይ ደግሞ "እኔማ ሲለጥፉት አይቼ ነበር፣ ማን ይጠይቀኛል" ብለው ሹክ አሉኝ።

ስለ ደረጃው ያነሳ ሰው የለም። ባለቤቱ ስልካቸውን አወጡ። ኮንትራክተሩ ጋ ነው የደወሉት። ድምፃቸው በጣም ለስልሶ ነበር።

"የት ነህ ወንድሜ? ... የለም የለም፣ ለክፍያ አይደለም። ብቅ በልልኝ፣ ሎሚ ይዤ እየጠበቅኩህ ነው።"