ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ፣ ታፔላ እያነበብኩ

ሰኞ ጠዋት። አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል የተባለው ሚኒባስ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ የተነቃነቀው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አራት ሰው ጫነ። እኔ ደግነቱ መስኮት ጋ ነኝ። ስልኬ ባትሪ ስለጨረሰ ታፔላ ማንበብ ያዝኩ።

ኮምቦልቻ ላይ የሚነበብ ሞልቷል። ባንክ፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ፣ ስልክ ይዛ የምትስቅ ልጅ። ባንኮቹ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ስማቸው ሌሊት ቢቀያየር ማን ልብ ይላል? ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ደጋንን ስናልፍ ታፔላው ሳሳ። አንዱ የብረት ሰሌዳ ጥይት በስቶታል። በቀዳዳዎቹ ሰማይ ይታያል። ሚኒባሱ ውስጥ ሁላችንም አየነው፣ ማንም ምንም አላለም።

ባቲ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው እዚህ ይገናኛል። አንድ ግመል አንገቱን አስግጎ በመስኮቴ አየኝ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ቢያምባርቅም ግመሉ ከቁብ አልቆጠረውም። ለዚህ ገበያ የተሰቀለ ማስታወቂያ ፈልጌ አጣሁ። ለነገሩ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሟ የሚጠራ ከተማ ታፔላ ምን ያደርግላታል?

ከባቲ በኋላ ቁልቁለት ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሚሌ ወደ 500 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ይህ ሁሉ 150 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው፤ ጆሮ ይደፍናል፣ ሸሚዝ ከወንበር ጋር ይጣበቃል። መስኮት ስከፍት የገባው አየር የምጣድ ወላፈን ነው። ከዚህ ወዲያ የሚነበበው የሲኖትራኮቹ ጀርባ ብቻ ሆነ። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተሳቢ ረጅም መንገድ ከፊታችን ሄደ። ለመቅደም ሦስቴ ሞከርን።

ከዚያ ከመንገዱ ዳር እንጨት ላይ የተሰቀለ ጀሪካን አየሁ። ደጋ ላይ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ከተደፋ ጠላ አለ ማለት ነው። ታዲያ ጮክ ብዬ «እዚህም ጠላ አለ እንዴ?» አልኩ። ከጎኔ የነበሩት እናት በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

«ምን ጠላ ልጄ! የግመል ወተት ነው እንጂ። አብሽር፣ እሱም ያቆምሃል።»

ሐዳርን የሚጠቁም ታፔላ በዓይኔ ስፈልግ ነበር። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው በዚህ አቅጣጫ፣ በአፋር ምድር ነው። ያኔ አካባቢው ወሎ ክፍለ ሀገር ይባል ነበር። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የቆየች እመቤት ቀስት ያላት ምልክት አይበዛባትም። እኔ ግን አላየሁም። መሃል ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ ያኔ አልፎኝ ይሆናል።

የነቃሁት ጎማ ሲፈነዳ ነው። ሜዳው ላይ አንድ ግዙፍ ቢልቦርድ ብቻውን ቆሟል። ፀሐይ ሥዕሉን ልጣ ግማሽ ፈገግታ ብቻ ቀርቶታል። የምን ማስታወቂያ እንደነበር አይለይም። ከሥሩ ግን ወደ ሃያ የሚጠጉ ፍየሎች ጥላው ውስጥ ተጠጋግተው ተኝተዋል። እናትየው ፌስታላቸውን ይዘው ቀድመው ወረዱና ሁለቱን ፍየሎች ገፋ አድርገው ተቀመጡ።

«ና እንጂ፣ ቦታ አለ» አሉኝ።