ሊኑክስ ሚንት ለተራ ተጠቃሚ፦ የሚያስቸግረው ትእዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል አይደለም

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸውን ላፕቶፖች ወደ ሊኑክስ ሚንት 22 (በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ሲያዛውሩ የሚያጋጥመው እስካሁን ይህን ይመስላል።

መጫኑ ቀላሉ ክፍል ነው። 8 ጊጋ ፍላሽ፣ 3 ጊጋ ገደማ የሚሆን የሚንት ፋይልና ፋይሉን ፍላሹ ላይ የሚጽፈው ሩፈስ የተባለ ፕሮግራም ይበቃሉ፤ ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሳ ሲበራ ብዙ ጊዜ ኤፍ12ን (ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን) መንካት ነው። 4 ጊጋ ራም ያስኬዳል፣ ብሮውዘር ላይ ሃያ ታብ ለሚከፍት ግን አይሆንም። ሳይጭኑ ከፍላሹ ላይ እያስኬዱ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን መሞከር ይቻላል፤ ኋላ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ ይህን የዘለለ ሰው ነው። ብሮድኮም ቺፕ ያለው ዋይፋይ አልታይ ካለ ስልኩን በኬብል አገናኝቶ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማጋራት) ማብራት፣ ከዚያ ድራይቨር ማናጀር የሚያቀርበውን መቀበል።

ዊንዶውሱን ጎን ለጎን የሚያቆይ ሰው አስቀድሞ ዲስኩን የሚቆልፈውን የቢትሎከር ቁልፍ ይጻፍ፣ ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳውን ፋስት ስታርትአፕንም ያጥፋ። ካላጠፋው ሊኑክስ የዊንዶውሱን ዲስክ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፤ ፋይል ማስቀመጥ የለም። ደግሞ ዊንዶውስ ሲከፈት ሰዓቱ ልክ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ቢገኝ የማዘርቦርዱን ባትሪ ለመቀየር አይሩጡ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ይይዘዋል፣ ዊንዶውስ የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለች።

ዋናው ፈተና አማርኛ መጻፍ ነው። ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን አማርኛ መምረጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አያዋህድም። የሚያስፈልገው አይባስ የተባለው የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ከሶፍትዌር ማናጀር የአይባስን ኤም17ኤን ጥቅል መጫን፣ ኢንፑት ሜተድ ላይ አይባስን መምረጥ፣ ወጥቶ መግባት፣ ከዚያ በአይባስ ፕሪፈረንስ አማርኛ ሥር ‹ሴራ› የሚለውን መጨመር። ወጥቶ መግባቱን የረሳ ሰው አልሠራም ብሎ ሁሉን እንደገና ይጀምራል። ቋንቋ የሚቀየረው ሱፐርን (የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ) እና ስፔስን አንድ ላይ በመጫን ነው። ‹ሽ› የምትገኘው በኤክስ ነው፤ ኤስና ኤች ቢመቱ ‹ስህ› ይወጣል። ለ‹ጥ› ትልቁ ቲ ነው፣ ስለዚህ ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ ጽሑፉ ይተረማመሳል።

የቆዩ የቢሮ ደብዳቤዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሊብሬኦፊስ ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ፎንቱ ስለሌለ ነው፤ የፎንቱን ፋይል ከአሮጌው ማሽን አምጥቶ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ መጫን ነው። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ኒያላ በተባለ የዩኒኮድ ፎንት የተጻፈው ይነበባል፣ ፎንቱ በሌላ ሲተካ ግን መስመሩና ገጹ ይንሸራተታል፤ ማኅተም የሚያርፍበትን ደብዳቤ በፒዲኤፍ መላክ ይሻላል።

ፒችትሪ ላይ የሚውል የሒሳብ ሠራተኛን ግን ዊንዶውሱን አትንኩበት፤ ፕሮግራሙ ለሊኑክስ አልተሠራም። ቨርቹዋልቦክስ (በሊኑክስ ውስጥ ሌላ ሲስተም የሚያስኬድ ፕሮግራም) ውስጥ ዊንዶውስ አስነስቶ ማሠራት ይቻላል፣ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ካለ። በ4 ጊጋ ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ።