ካር እና ኻር፦ ከአሳም ጓዳ የለቀምኳቸው ቃላት

"ማዳበሪያ መብላት ደስ ይለኛል" ብዬ በአንድ ቤተሰብ ፊት ተናግሬያለሁ። ያውም ምሳ ቀርቦ፣ በሙሉ ልብ፣ በአሳምኛ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላስቀድም። ለማስተርስ ዴልሂ ነበርኩ። የክፍል ጓደኛዬ የሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ልጅ ናት፤ አሳም ውስጥ ጆርሃት ከምትባል ከተማ። "ጥር ላይ የመኸር በዓላችን ነው፣ ነይ እኛ ቤት" አለችኝ። ጊዜው በእነሱ አቆጣጠር ጥር 2025 ነው። ከዴልሂ ጉዋሃቲ በባቡር ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ከጉዋሃቲ ጆርሃት ደግሞ ሌላ ሰባት ሰዓት ገደማ። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፣ አብዛኛውን ተኝቻለሁ።

ነቅቼ በነበርኩበት ሰዓት ግን ጓደኛዬ አንድ ብልሃት አስተማረችኝ። "ከሂንዲ የለመድሽውን ያዢ" አለች። "'ች' ያለውን 'ስ' በዪው፣ 'ስ' ያለውን ደግሞ 'ኽ' በዪው።" ሞከርኩት። ሻይ በሂንዲ ቻይ ነው፣ በአሳምኛ ሳህ ሆነ። ጥሬው ሩዝ ቻዋል ነበር፣ ሳውል ሆነ። ስኳር ከቺኒ ወደ ሴኒ። ጎመን፣ ስፒናች፣ በአጠቃላይ ቅጠል የሆነው ሁሉ በሂንዲ ሳግ ነው፤ እነሱ ኻክ ይሉታል። እኛ አሳም የምንለውን አገር ራሱ ባለቤቶቹ ኦኾም ነው የሚሉት፤ ሰዉም ቋንቋውም ኦኾሚያ። ብልሃቱ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለጓዳ ግን ይበቃል።

"ኽ" ስትል ጓደኛዬ ከላንቃዋ ኋላ ነው የምታወጣት። እኛ በአማርኛ እንደ "ሀ" አድርገን እናልፋታለን እንጂ ትግርኛ የሚናገር ሰው ቢሰማት ወዲያው ይለያታል። ሌሎች ሕንዳውያን ይቸገሩባታል። እኔ በልጅነቴ ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ስለነበረን ብዙም አልከበደችኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁባት። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምጽፈው። ቤት ስንደርስ መጀመሪያ የቀረበልን ምግብ ካር ይባላል። አሳሞች "ካር በላተኞች" ይባላሉ፤ ራሳቸውም በኩራት ይሉታል። ቢም ኮል የሚባል ሙዝ አላቸው። ልጣጩ ይደርቃል፣ ይቃጠላል፣ አመዱ ላይ ውሃ ይንቆረቆራል። ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደው ቡናማ ውሃ ነው ካር። በእሱ ያልበሰለ ፓፓያ ይቀቅሉበታል፤ ወጡም በዚያው ስም ይጠራል። የምሳ መክፈቻ እሱ ነው፣ መዝጊያው ደግሞ ቴንጋ፣ ማለትም ጎምዛዛው የዓሣ መረቅ። አመድ እኛ ቤት ድስት መፈግፈጊያ ስለነበር የመጀመሪያውን ጉርሻ የዋጥኩት በይሉኝታ ነው። ሁለተኛውን ግን ወድጄ። ለስለስ ያለ፣ ሆድ የማይከብድ ነገር ነው።

ታዲያ ምስጋናዬን ለአያቲቱ ላቅርብ ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፍኩትን አየሁና ያንን የኮራሁበትን "ኽ" ከጉሮሮዬ አወጣሁት። "ሞር ኻር ካይ ባል ላጌ!"

ዝምታ። ከዚያ ሳቅ። ጓደኛዬ ወንበር ይዛ ነው የሳቀችው። ለካ ኻር ማለት ማዳበሪያ ነው። ምግቡ ካር ነው፤ ትንሽ ትንፋሽ ያለበት ተራ "ካ"። ያን ዕለት ማታ የእንግሊዝኛውን ፊደል ሰርዤ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል ገለበጥኩት። ካር በካ፣ ኻክ በኻ። ከዚያ በኋላ አልተምታታብኝም።

አያትን አይታ ይላሉ። እኔም አይታ አልኳቸው፤ እሳቸውም መምህሬ ሆኑ። ሂንዲያቸው ከእኔ የባሰ ስለነበር በጣት ነው የምንግባባው። እንቁላል ያነሳሉ፣ "ኮኒ"። ጨው፣ "ኒሞክ"። ነጭ ሽንኩርት፣ "ኖሆሩ"። እኔ እጽፋለሁ፣ አነባለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ። ከአማርኛ ጋር የሚጋጩት ቃላት ቶሎ ነው የያዙኝ። የበሰለ ሩዝ ባት ነው። "ባት ካላ ነ?" ሲሉኝ፣ ምግብ በልተሻል ወይ ማለታቸው ነው፤ በሩዝ አገር ሩዝና ምግብ አንድ ነው፣ እኛ "እንጀራ በላሽ?" እንደምንለው። "ባል" ማለት ደግሞ ጥሩ ማለት ነው። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት "ሁሉም ባል እንዲያ ቢሆን" አለች።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። አሳምኛ ውስጥ ሻይም ውሃም ይበላል። በዕለት ተዕለት ንግግር "መጠጣት" ብለው ለብቻው አይሉም፣ ያው "መብላት" ነው ሁለቱንም የሚያስኬደው። እኛም ጉቦ ስለምንበላ መፍረድ አይቻልም። ግሡ ወንድና ሴት አይለይም፣ እንደኛ "በላህ" "በላሽ" የለም። ክብር ግን ይለያል፤ ሦስት እርከን አለው። ለትልቅ ሰው "ትበላለህ" ለማለት ካቦ፣ ለእኩያ ካባ፣ በጣም ለሚቀርቡት ወይም ለታናሽ ካቢ። ጓደኛዬ ወንድሟን ካቢ ስትለው ሰምቼ እኔም አይታን "ሳህ ካቢ?" አልኳቸው። ማለት፣ አያትን "አንቺ" አልኩ። እሳቸው ምንም አልመሰላቸው፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ከተረዳሁ በኋላ ጆሮዬ ጋለ።

ሻይን ካነሳሁ፣ ዴልሂ ውስጥ ወተት የሌለው ሻይ ማግኘት ጦርነት ነው። አሳም ግን ቀዩን ሻይ ራሱን የቻለ ስም ሰጥተውታል፤ ሮንጋ ሳህ። ሮንጋ ቀይ ነው። የሚገርመው፣ ይህ የሻይ አገር ነው፤ የጆርሃቱ ቶክላይ የሻይ ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ ከ1911 ጀምሮ አለ፣ ከከተማው ወጣ ሲሉ ማሳው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። እዚያ ቁጭ ብዬ በብርጭቆ፣ ያለ ወተት፣ ቀዩን ሻይ ሳገኝ ቅርንፉድ ብቻ ነው የጎደለኝ።

የወተትን ስም ያወቅኩት በሌላ መንገድ ነው። የጓደኛዬ አባት "ኢትዮጵያውያን በርበሬ ትወዳላችሁ አሉ" ብለው ቡት ጆሎኪያ አመጡልኝ። ጆሎኪያ እንዲሁ በርበሬ ማለት ነው። ይህኛው ግን በፈረንጆቹ 2007 ጊነስ የዓለም ኃያል በርበሬ ብሎ የመዘገበው ነው፤ የማቃጠል ኃይል በሚለካበት በስኮቪል መለኪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ። በሚጥሚጣ ያደግኩ ነኝ ብዬ ጫፉን ነከስኩ። ስለተከተለው ግማሽ ሰዓት መጻፍ አልፈልግም። ወተት ጋኪር ይባላል። እስክሞት አልረሳውም።

በዓሉ ቦጋሊ ቢሁ ይባላል፣ የመብል ቢሁ። ለጥምቀት አራት አምስት ቀን ሲቀረው ነው የሚውለው። ጠዋት በጨለማ ሜጂ የሚሉትን ከእንጨትና ከቀርከሃ የተቆለለ ደመራ ለኮሱ። ደመራ ያልኩት ለማስረዳት አይደለም፤ ስቆም ከአፌ ያመለጠኝ ቃል እሱ ነው።

ከሁሉ ልቤን የወሰደው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ያየሁት ነው፣ ቲል ፒታ ሲጋገር። ሩዙ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ዴኪ በሚባል በእግር በሚረገጥ ሙቀጫ ይወቀጣል። ዱቄቱ እርጥበት ይይዛል እንጂ አይቦካም። አይታ ትንሽ ምጣድ አግለው ዱቄቱን በእጃቸው በተኑበት። ውሃ የለም፣ ዘይት የለም። እንዴት ይያያዛል ብዬ ሳስብ ዳርዳሩ ተነሳ። መሐሉ ላይ የተፈጨ ጥቁር ሰሊጥና ጉር፣ ማለትም የሸንኮራ ጥቁር ስኳር፣ አደረጉበት። በሦስት ጣት ጠቀለሉት። ከበተና እስከ ጥቅል አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ሞከርኩ፤ ዱቄቱ ዱቄት ሆኖ ቀረ። አይታ ያሉትን እንደሰማሁት ጻፍኩ፤ ጓደኛዬ አይታ "እንደዛ አላሉም" ብላ ሰረዘችው። ምን እንዳሉ ግን አልነገረችኝም።

እዚያ ቤት "ናላጌ" ማለት አይሠራም። ትርጉሙ አልፈልግም፣ ይበቃኛል ነው። ናላጌ ስል "ኦሎፕ" ይላሉ፣ ትንሽ ብቻ፤ ያ ትንሽ ግን ጭልፋ ሙሉ ነው። እኔ ደግሞ "በሞቴ" እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ወግ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ናላጌ ብዬ አራተኛውን በላሁ።

ስንመለስ አይታ ፒታውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ባቡሩ አሳምን ለቆ ምዕራብ ቤንጋል ገባ። ኒው ጃልፓይጉሪ ጣቢያ ላይ በመስኮት ሻይ ሻጭ ጠራሁ። "ሮንጋ ሳህ!" አልኩት። ሰውየው ቆም ብሎ አየኝ።

"ቻ?" አለ።

"አዎ፣ ቻ" አልኩት። ወተት ጨምሮበት ሰጠኝ።