ይርጋው ከየት ይቆጠራል?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአንድ ትንሽ የሐኪም ቢሮ ቢሊንግ (የሕክምና ሂሳብ ማስከፈል) እሠራለሁ። ታካሚዎቻችን በብዛት ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ያላቸው የአገራችን እናቶችና አባቶች ናቸው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ከሜዲኬር «በ2018 እና በ2019 ከሚገባችሁ በላይ ተከፍሏችኋልና መልሱ» የሚል ደብዳቤ መጣ።

«ስድስት ዓመት ሊሞላው? ይርጋ የለውም እንዴ?» አሉኝ ዶክተር።

«አራት ዓመት ነው፤ አልፏል» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

አላለፈም። ሜዲኬሮች የተከፈለ ክሌይምን (ለሕክምና ያቀረብነውን የክፍያ ጥያቄ) እንደገና ከፍተው ለመመርመር 1 ዓመት ያለ ምንም ምክንያት፣ 4 ዓመት ደግሞ በበቂ ምክንያት ይፈቀድላቸዋል፤ ማጭበርበር ካለበት ገደብ የለውም። እኔ የቆጠርኩት ታካሚው ከታየበት ቀን እስከ ደብዳቤው ቀን ነው። የሚቆጠረው ግን ክፍያው ከተወሰነበት ቀን ክሌይሙ እንደገና እስከተከፈተበት ቀን ነው። የእኛን የከፈቱት በ2022 ኖሯል፤ ማስታወቂያውን ተቀብዬ ፋይል ያደረግሁት ራሴ ነኝ! «ምክንያታችሁ በቂ አይደለም» እንዳንል መክፈታቸው ራሱ ይግባኝ አይባልበትም። (እኛ ትርፍ መቀበላችንን ካወቅን ግን 6 ዓመት ወደ ኋላ ሄደን በ60 ቀን መመለስ አለብን። ለእነሱ 4፣ ለእኛ 6።)

ያተረፈን ሌላ ድንጋጌ ነው፤ ሜዲኬርም የሚተዳደርበት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ አንቀጽ 1870። ክፍያው ከተፈጸመበት ዓመት ቀጥሎ ያሉት 5 ዓመታት ካለቁ በኋላ «ትርፍ ነው» ከተባለ፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር ሐኪሙ ጥፋት እንደሌለበት ይገመታል፤ ገንዘቡንም አይጠየቅም። ድሮ 3 ዓመት ነበር፤ ኮንግረሱ አስረዘመው። ወርና ቀን አይታይም፣ ዓመቱ ብቻ። ስለዚህ በዲሴምበር 2018 መጨረሻ የተከፈለን ክሌይም ዳነ፤ በሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 2019 ላይ የተከፈለው ተበላ።

ይህን ሁሉ ስፈልግ ደብዳቤው ከፋክስ ወረቀት ሥር ሁለት ሳምንት ተኝቷል። ለይግባኝ 120 ቀን አለ ብዬ ተዝናንቼ ነበር። ነገር ግን ከአዲስ ክፍያችን ላይ መቁረጥ እንዳይጀምሩ ከተፈለገ ይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ዕዳው በ30 ቀን ውስጥ ካልተከፈለም ወለድ ይታሰብበታል። በ27ኛው ቀን በአደራ ፖስታ ላክሁት። የክፍያ ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ አያይዤ ነበር፤ ዓመቱን የሚያስረዳው እሱ ብቻ ነውና።

የ2019ኙን በየወሩ እየከፈልን ጨረስን። ያኔ ዶክተር «የ2020ውስ መቼ ነው የሚለቀን?» ሲሉኝ የ2020 ፋይሎች ያሉበትን ካርቶን ጀርባ አሳየኋቸው፤ በማርከር «2025 ሲያልቅ» ብዬ ጽፌበታለሁ።